የግራዝማች ፈንታ ሁለተኛ ዓይን

መካነ ኢየሱስ፣ ግንቦት 29 ቀን 1960 ዓ.ም.

ሁለት ዓይን አላቸው! ጋሼ፣ ግራዝማች ፈንታ ሁለት ዓይን አላቸው! አባባ አንድ ዓይን አድርገው አልሣሏቸውም፤ ሌላው ዓይን እዚያው ግድግዳው ላይ ተሸፍኖ ኖሯል። በዓይኔ በብረቱ አየሁት! እልልታዬን ልለቀው ስል ቄስ አስማረ ናቸው «ሴትዮ፣ ቅዳሴ ላይ ነን እኮ!» ብለው የያዙኝ። ቅዳሴ ላይ አልነበርንም፤ ደንግጠው ነው።

እንግዲህ አሁን ሰላምታ። ይቅር ይበሉኝ፣ ለታላቅ ወንድም፣ ያውም ለመሪጌታ፣ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ? የጋይንቷ ቤተ ልሔም ብርድ ቀለል አለ? አባባስ እህል ይቀምሳሉ? እኛ ደኅና ነን። ባለቤቴ ጓዴም ደኅና ነው፤ ይኼን ስጽፍ ከጎኔ ቁጭ ብሎ «ቀስ በይ እንጂ፣ ወረቀቱን ቀደድሽው» ይለኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። የሚያውቁትንም ጨምሬ ነው የምነግርዎ፤ ዛሬ አሳጥሪ ቢሉኝ አልችልም።

ልጄ ውዴ ደብረ ታቦር አሥራ አንደኛ ክፍል አይደለች? ፈረንጇ አስተማሪያቸው ዘንድሮ የሥዕል ታሪክ የሚባል ትምህርት ጨምራላቸዋለች። መጽሐፉ እንደ ግንድ የወፈረ ነው አሉ። ግሪክ፣ ሮማ፣ ጣልያን፣ ፈረንሳይ እያለ ይሄድና የቀረው ዓለም በሙሉ በመጨረሻዎቹ አራት ገጾች ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ታዲያ አንድ ቀን ሀይሉ የሚባል የክፍላቸው ልጅ እጁን አውጥቶ «እኛ የት ገጽ ላይ ነን?» ይላታል። ሴትዮዋ መጽሐፉን አገላበጠች፣ አገላበጠች፣ ኋላ ዘጋችው። «እንግዲያው መጽሐፉ የተወውን እናንተ ጻፉት» አለቻቸው። እያንዳንዱ ተማሪ ፈረንጅ ያልሠራውን አንድ ሥራ መርጦ፣ ጠይቆ፣ ለክቶ፣ ክፍል ፊት ቆሞ እንዲያስረዳ ሆነ። ሀይሉ ከመጽሔት ላይ አግኝቶ በምዕራብ አፍሪካ ነገሥታት ቤት የሚሠሩ የነሐስ ራሶችን ያዘ። ከውዴ ጋር አንድ ቤት የተከራየችው ረሺዳ፣ የአርብ ገበያው ነጋዴ የኢሳ ልጅ፣ ያያቷን ቁርዓን የገጽ ጌጥ፣ ሐረጉን ያዘች።

እኔ ለውዴ ምን አልኳት መሰለዎ፤ «የህንድ ሕንፃ ያዢ፣ ነጭ ነው፣ ያምራል»። እሷ «እማዬ፣ እኔ የያዝኩት የአያቴን ሥዕል ነው» አለችኝ። «የትኛውን?» «ዝግባ ማርያም ያለውን፤ መጋረጃ የወረደበትን።»

ጋሼ፣ ራሴን ያዝኩ። ሃያ አንድ ዓመት በቤታችን የማይነሳ ነገር! ግራዝማች ፈንታ አባባን «በእመቤታችን እግር ሥር ወድቄ ሣለኝ» ብለው ማሠራታቸውን፣ ሥዕሉ በአቡጀዴ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ በሰኔ ግድግዳው ላይ መለጠፉን፣ ክረምቱን በመጋረጃ ተሸፍኖ መክረሙን፣ በመስከረም በሕዝብ ፊት መጋረጃው ሲገለጥ ግራዝማች በአንድ ዓይን መታየታቸውን፤ ይኼን ማን አያውቅም? በእኛ አገር ሠዓሊ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ከሃዲውን በጎኑ አዙሮ በአንድ ዓይን ነው የሚሥል። ግራዝማችም «ሠዓሊው ወርቁ ከይሁዳ ጋር ቆጠረኝ» ብለው መጋረጃው ለዘላለም እንዲወርድበት አዘዙ፤ በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። አባባ ለቀብር ቢሄዱ የግራዝማች ልጅ አድማሱ ከደጀ ሰላሙ መለሳቸው። ያን ጊዜ ነው ብሩሻቸውን ጠቅልለው ጋይንት፣ እርስዎ ዘንድ የገቡት። ለሠርጌ አልመጡ፣ ለውዴ ክርስትና አልመጡ።

«ተይው ልጄ» አልኳት። «እማዬ፣ እኔ ጥፋተኛ አልፈልግም፤ ሥዕሉን ነው የምለካው» አለችኝ። ለፋሲካ መጥታ መጋረጃውን በፈቃድ ገልጣ፣ ጥጥ ፈትል እየዘረጋች ለካችው፤ በወረቀት ላይም አወረደችው።

በግንቦት አጋማሽ ክፍል ፊት አቀረበች። አስተማሪዋ «ይኼ ሰውዬ ለምን አንድ ዓይን ሆነ?» ብትላት ሁሉንም ተናገረች፤ የአያቷንም ስም አልደበቀችም። ይኼን ጊዜ ረሺዳ ብድግ አለች።

«ውዴ፣ ስድስት ጨርቅ ነው የለጠፉት አላልሽም? አምስቱ እኩል ነው። ግራዝማቹ ያሉበት ለምን አራት ጣት ጠበበ?»

«እንጃ፣ ተሳስቼ ለክቼ ይሆናል።»

«አቡጀዴ ከጣቃው ሲወጣ ወርዱ አንድ ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ ነው ጥርስ ያበቀልኩት፣ ለኔ እንዳትነግሪኝ! ወይ አንቺ መለካት አትችዪም፣ ወይ አራት ጣት ጨርቅ እዚያ ግድግዳ ላይ ተደብቋል።»

ውዴ በማግሥቱ ጻፈችልኝ፤ እኔም ፈትሌን ይዤ ዝግባ ማርያም ወረድኩ። ለካሁ። አራት ጣት ጎደለ! ለገበዙ ለቄስ አስማረ ባሳያቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። «እኔ ነኝ» አሉ። ያን ክረምት ዲያቆን ነበሩ። ጣሪያው አፍስሶ ጨርቁ ተላቀቀ፤ ጠርዙ ተበጣጥሶ ስለነበር እንዳያስጠላ ብለው የጎኑን ጨርቅ ስበው ደረቡበት፤ በዚያ ጨለማ ከሥሩ ምን እንዳለ አላዩም። ከፍልሰታ በኋላ ለቅኔ ጎጃም ተሻገሩ። ሲመለሱ ግራዝማች ሞተዋል፣ ሥዕሉ ተጋርዷል፣ አባባ ተሰደዋል፤ እሳቸውም እንደ ሰዉ ሁሉ «ሠዓሊው ነው» ብለው አመኑ።

ለብ ባለ ውኃ ጨርቅ ነክረው፣ በላባ ጫፍ ቀስ እያሉ ገለጡት። ዓይኑ ወጣ።

ጋሼ፣ ለአባባ እርስዎ ይንገሯቸው። እንደኔ አይጩኹባቸው፤ አባብለው ይንገሯቸው። ከዚያ ይዘውልኝ ይምጡ።

ታናሽዎ ፈትለወርቅ ወርቁ


ቤተ ልሔም፣ ሰኔ 9 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈትለወርቅ፤

ደብዳቤሽን ኢሳ በአርብ ገበያ ለተማሪዬ ሰጥቶት ደረሰኝ። እንደ ልማድሽ ጩኸቱ ቀድሞ ሰላምታው ኋላ መጣ፤ ሁለቱንም ተቀብያለሁ። ጉልበቴ እንዳለ አለ። ብርዱም እንዳለ አለ።

አንቺ ያልጠየቅሽኝ፣ እኔም ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ይቅር በይኝ፤ የሰው ምስጢር ስለሆነ ነው የያዝኩት፤ ዛሬ ግን ባለ ምስጢሩ «ንገራት» ብለውኛል።

አባታችን የተሰደዱት የአድማሱን ቁጣ ፈርተው አይደለም። ራሳቸውን ፈርተው ነው። ግራዝማች መጀመሪያ «በበቅሎ ተቀምጬ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጎን» ብለው ነበር። አባታችን «የለም፣ ከእግሯ ሥር ነው» ቢሏቸው ተጣሉ፤ ግራዝማችም በሰው ፊት «አንተ ቀለም ለቅላቂ» ብለው ሰደቧቸው። ኋላ እሺ ቢሉም አባታችን ያን ፊት ሲሥሉ ቂም በልባቸው ነበር። መጋረጃው ተገልጦ አንድ ዓይን ሲያዩ፣ ሁለት ዓይን መሣላቸው ትዝ እያላቸው፣ ግድግዳው ግን አንድ ነው የሚል። «እጄ ለቂሜ ታዘዘች» አሉ። ለንስሐ አባታቸውም እንዲሁ ተናዘዙ። ብሩሹን ያስቀመጡት ቀኖና ብለው ነው። ሃያ አንድ ዓመት ያላደረጉትን ኃጢአት ሲጾሙ ኖሩ እንደማለት ነው፤ የአንቺ ወሬ እውነት ከሆነ።

ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ስለ አራት ጣቱ ያለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «የተሸፈነው ግራ ዓይኑ ነው?» አሉኝ። «አዎን» አልኳቸው። «ዓይን መኖሩ አይበቃኝም። በቂምም ዓይን ይሣላል። ፈትለወርቅ ከዚያ ዓይን በታች፣ ጉንጩ ላይ ምን እንዳለ አይታ ትጻፍልኝ። የምፈልገውን ግን አትንገራት» አሉ። ለእኔም አልነገሩኝም።

ስለዚህ እህቴ፣ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። አንቺ ሰው ማስደሰት ትወጃለሽ፤ ዛሬ ተይው። ከመልስሽ በፊት የሬባን ወንዝ እንሻገር ብላቸው እንደማይነሱ አውቄዋለሁ።

ቀለመወርቅ


መካነ ኢየሱስ፣ ሰኔ 22 ቀን 1960 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አባባን እጃቸውን ይሳሙልኝ፤ ይኼኛውን ደብዳቤ ሙሉውን ያንብቡላቸው፣ ሳይዘሉ።

ትናንት በማርያም ቀን ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ጓዴ «ዝናብ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?» እስኪለኝ ድረስ። አባቴ ያላደረጉትን ኃጢአት ተሸክመው ሲኖሩ እኔ እዚህ «ለሠርጌ እንኳን አልመጡ» እያልኩ አማቸው ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። ጧፍ ይዤ፣ አፍንጫዬ ግድግዳውን እስኪነካ ተጠግቼ አየሁ። አባባ፣ ምንም የለም። እንደታዘዝኩት ሳልጨምር ነው የምጽፈው። ከዓይኑ በታች ጉንጩ ንጹሕ ነው፤ መስመር የለ፣ ነጥብ የለ፣ የተፋቀ ነገር የለ። ለስላሳ ቀይ ዳማ ጉንጭ ብቻ። ሦስት ጊዜ አየሁ። ቄስ አስማረም አዩ፤ «ባዶ ነው» አሉ። እንባ ሥለው እንደሆነ እያልኩ ፈለግኩ፤ የለም። ጽሑፍ እንደሆነ ብዬ ፈለግኩ፤ የለም። የፈለጉት ነገር ከሆነ የጎደለው፣ አባባ፣ ምን ላድርግ? ልቤ ተሰብሮ ቆሜ ነበር።

ይኼኔ ከኋላዬ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ። የግራዝማች ባለቤት፣ እመይቴ አበራሽ! ቄስ አስማረ ጥፋታቸውን ሄደው ነግረዋቸው ኖሯል። አድማሱ ክንዳቸውን ይዞ ነው የመጡት። እኔን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«ማነሽ አንቺ?» አሉኝ።

«ፈትለወርቅ ነኝ፣ የአለቃ ወርቁ ልጅ።»

ፊታቸውን ወደ ሥዕሉ አዞሩ። ልወጣ ስል «ወዴት ነው? መብራቱን ጠጋ አድርጊልኝ» አሉ። ጠጋ አደረግኩ። ሰም በነጠላቸው ላይ ተንጠባጠበ፤ ልብ አላሉትም። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ፣

«ጠባሳው የታለ?» አሉ።

«የምን ጠባሳ እናቴ?» አለ አድማሱ።

«አንተ ምኑን ታውቃለህ፣ ጺሙና የጋቢው ጫፍ ሸፍነውት ነው ያደግኸው! በልጅነቱ የበሬ ቀንድ ገምሶት ከግራ ዓይኑ ሥር እስከ ጉንጩ ጠባሳ ነበረው። እኔ ስዳር ፊቱን ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ደንግጬ አለቀስኩ። በወጣትነቱ ጠላቶቹ በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «ጠባሳው» ነበር የሚሉት። እስኪሞት ድረስ መስተዋት በቤቱ አላስገባም።» ጣታቸውን ወደ ጉንጩ ዘረጉ፤ አልነኩትም። «በማርያም ፊት ማን አጠፋለት?»

«ሠዓሊው ነዋ» አሉ ቄስ አስማረ።

«እንዲህ መልከ መልካም አድርጎልኝ ኖሯል? እኔ ደግሞ ሃያ አንድ ዓመት ስረግመው!» አሉና በእንባቸው መሃል ሳቁ፤ በሕይወቴ እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ጋሼ፣ አንገቴን ይዘው ሳሙኝ። ቤቴ ድረስ መጡ። በሃያ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከግራዝማች ፈንታ ቤት ሰው ደጄን አለፈ፤ እኔ ደግሞ በዚያን ቀን ከሹሮ ሌላ ምንም አልነበረኝም! በሉ፤ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

አባባ፣ የጠየቁኝ ይኼን ነበር እንዴ? ከሆነም ካልሆነም ያየሁት ይኼው ነው።

ፈትለወርቅ


ቤተ ልሔም፣ ሐምሌ 14 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእህቴ፤

አዎን፣ ይኼን ነበር።

«ምንም የለም» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ። ከዚያ ነገሩኝ። ያን ፊት ሲሥሉ ቀርበው ያዩትን ጠባሳ ሊሥሉት ተነስተው ነበር። ቀለሙን ነክረው፣ ብሩሹን ጉንጩ ላይ አድርሰው፣ «በእሷ ፊትማ አላዋርደውም» ብለው መለሱት። ያን ጊዜ ቂሙ እንደለቀቃቸው ትዝ ይላቸዋል። ግን መጋረጃው ተገልጦ የሆነው ሲሆን፣ ይኼንንም በሕልሜ ያየሁት ይሆናል ብለው የራሳቸውን ልብ ማመን ተዉ። «ጠባሳውን ትቼለት ከሆነ ዓይኑን አልወሰድኩበትም» አሉኝ። ከዚያ የእመይቴ አበራሽን ሳቅ አነበብኩላቸው፤ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም ከእሳቸው አላነስኩም፤ ለማንም እንዳታወሪ።

የንስሐ አባታቸው ትናንት መጥተው ቀኖናውን ፈተውላቸዋል። «ይኼማ እኔም አብሬያችሁ ስሳሳት የኖርኩት ነው» አሉ።

አድማሱ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ እግራቸው ላይ ሊወድቅ እንደሚፈልግ በኢሳ በኩል የላክሽውን ነግሬያቸዋለሁ። «ድንጋዩን ለአጥሩ ያድርገው፤ እሱ አባቱን ወዶ ነው» ብለዋል። ይልቅ ሁለት ነገር ይፈልጋሉ። አንደኛ፣ ቄስ አስማረ የቀረውን እንዳይነካው፤ ጨርቁን በቦታው የሚያስተካክሉት ራሳቸው ናቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል ብላቸው «ለመንቀጥቀጥ አልሄድም» አሉኝ። ሁለተኛ፣ ውዴ ክፍል ፊት የተናገረችውን እሳቸው ፊት ቆማ ትናገር፤ ያቺ የአቡጀዴ ልጅም ትምጣ፣ ልመርቃት አሉ።

ወንዞቹ ሲጎድሉ እንነሳለን። ቀኑን አንቺ ቁረጪ፤ መቼም ዝም ብትባዪም አትተዪው።

ቀለመወርቅ


መካነ ኢየሱስ፣ መስከረም 18 ቀን 1961 ዓ.ም.

ጋሼ! ተቆርጧል! አላልኩም?

እንኳን ለአዲሱ ዓመት፣ ለመስቀሉም አደረሳችሁ። ሁሉም እሺ ብለዋል። ፈረንጇ አስተማሪ እሺ ብላለች፤ ክፍሉን በሙሉ በጭነት መኪና ጭና እስከ መካነ ኢየሱስ ታመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ «ጫማሽን አስቢበት» ብዬ በእንግሊዝኛ ጽፌላታለሁ፤ ዘጠነኛ ክፍል የተማርኩት ለዚህ ጠቀመኝ። ልጆቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ቆመው የያዙትን ለሕዝቡ ያስረዳሉ። ሀይሉ የነሐስ ራሶቹን በትልቅ ወረቀት ሥሏል፤ እመይቴ አበራሽ ከወዲሁ «የማን ነገሥታት ናቸው? ክርስቲያን ናቸው?» እያሉ አስጨንቀውኛል። ረሺዳ ያያቷን ሐረግ ታሳያለች፤ የእኛ ደብተራ «ከእኛው ጋር ይመሳሰላል» ቢባሉ አላመኑም፤ መጥተው ይዩት። ውዴ ጽሑፏን አራት ጊዜ ቀድዳ አምስተኛውን ጀምራለች። ለክፍል ሲሆን አልፈራችም፤ ላያቷ ሲሆን ፈራች።

መጋረጃው ተመልሶ ወርዷል። አባባ ራሳቸው አስተካክለው እስኪገልጡት ማንም አያየውም፤ አድማሱ ወደ ሥዕሉ የሚያስገባውን በር ቁልፍ ወስዶ ለእናቱ ሰጥቷል፣ እናቱ አንገታቸው ላይ አስረውታል። ውኃው፣ ላባው፣ ሙጫው ተዘጋጅቷል። ቄስ አስማረ መሰላሉን እይዛለሁ ብለዋል፤ «ሌላ ነገር እንዳይነኩ» ተብሎ ተፈቅዶላቸዋል።

የግራዝማች ቤት ሰንጋ ጥለዋል። እነኢሳ በራሳቸው እጅ የሚያርዱት ሙክት ለብቻ፣ ድስቱም ለብቻ ተለይቷል፤ እንዳይሳሳቱ ዘሀራ፣ የረሺዳ እናት፣ እዚያው ትቆማለች። ጠላውን እኔ ይዣለሁ። ጓዴ ዳስ ይጥላል፤ ይጣል አይጣል እናያለን።

አድማሱ ሁለት ሰው ከአባቱ የተረፈችውን ጸጥተኛ በቅሎ አስይዞ አርብ ገበያ ድረስ ይልካል፤ ጥቅምት 15 እዚያ ትጠብቃችኋለች። ቀስ ብላችሁ ኑ። ሰዴ ሙጃ ላይ እደሩ፤ ስማዳ ላይ እደሩ፤ ሦስት ቀን ቢፈጅ አራት ቀን ቢፈጅ ግድ የለም፤ አባባ ይረፉ፤ በቤቴ አልጋቸው ከሰኔ ጀምሮ ተነጥፏል።

ተማሪዎችዎን ይዘው ይምጡ። የንስሐ አባታቸውም ይምጡ። የጋይንት ሰው መንገድ ላይ ቢጠይቅዎ ወዴት እንደምትሄዱ ደብቀው አይለፉ፤ «ና ተከተለን» ይበሉት። ቦታው ዝግባ ማርያም፣ ሰዓቱ ቅዳሴ እንደወጣ፤ ቀኑ ሐሙስ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1961 ዓመተ ምሕረት።